የቤተሰብ ምጣኔ ነፃ ከሆነ የጓንቱንና የሊዶኬይኑን ማን ይክፈል?

የስቶር ቁልፍ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ለጤና ጣቢያ ፋርማሲ፣ ለፋይናንስና ለቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ባለሙያዎች ነው።

ቦታው ገጠር ያለ ጤና ጣቢያ ነው፣ በሥሩ አምስት ጤና ኬላዎች አሉት። ኢምፕላኖንና ጃዴል (በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበሩ ዘንግ መሰል ኢምፕላንቶች)፣ የሦስት ወር መርፌና ክኒን በፕሮግራም ስለሚመጡ ለተጠቃሚዋ በነፃ ይሰጣሉ። ራስ ምታቱ አብሯቸው የሚያስፈልገው ነገር ነው። ስተራይል ጓንት፣ ሊዶኬይን (ማደንዘዣ)፣ ሲሪንጅ፣ አዮዲን፣ ጎዝ፣ ፕላስተር ሁሉም የተገዙት በተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንድ (ከሽያጭ በሚመለሰው ገንዘብ ዕቃ መልሶ በሚገዛው ሒሳብ) ነው። ያለ ክፍያ ካወጣኋቸው ፈንዱ እየተሟጠጠ ይሄዳል፣ ኦዲተር ሲመጣም ጉድለቱ የሚጻፈው በእኔ ስም ነው። አላወጣም ካልኩ ሴቶቹ «ጓንትና ማደንዘዣ ከውጭ ገዝታችሁ ኑ» ይባላሉ፤ ገሚሷ ሄዳ ትቀራለች።

ሦስት ነገር ንገሩኝ። መክፈል የምትችለዋን ማስከፈል፣ የማትችለዋን ደግሞ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጪ ማለት ይቻላል? ካልተቻለ የፈንዱ ገንዘብ ከየት፣ በምን ሰነድ ይተካል? ሦስተኛው ትንሽ ይለያል፦ የጥያቄና ሪፖርት ቅጹ (አርአርኤፍ) በየሁለት ወሩ በሰዓቱ ይላካል፣ ሆኖም የሦስት ወር መርፌው ዙሩ ሳያልቅ ያልቃል። ለምን?

የገቢ ሒሳብ

ከደብዳቤው ልጀምር፤ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተደባልቀዋል። ይህን የማያደባልቅ ወረዳም ጥቂት ነው።

«ነፃ ህክምና» የሚባለው ሰውየውን ያያል። ቀበሌው መርምሮ መክፈል አይችልም ያለው ሰው ማስረጃ ይሰጠዋል፣ ወረዳው ከጤና ተቋሙ ጋር በገባው ውል መሠረት ወጪውን ይሸፍንለታል። «ከክፍያ ነፃ አገልግሎት» ግን የሚያየው አገልግሎቱን ነው። የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢ ህክምና የዚህ ወገን ናቸው፤ ባለሀብትም ትምጣ ቀን ሠራተኛ አይከፈልባቸውም። ስለዚህ ለኢምፕላንት የመጣችን ሴት የድህነት ማስረጃ መጠየቅ ከመነሻው ስህተት ነው። ከዚያ የሚከፋም አለ፦ ባሏ ወይም አማቷ ሳያውቁ የምትጠቀም ሴት ስንት እንደሆነች የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉን ጠይቅ። እሷን ቀበሌ ሄደሽ ማስረጃ አጽፊ ማለት አገልግሎቱን ከመከልከል አይለይም።

ቀዳዳው ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅምሃል። የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂው የጸደቀው በ1990 ዓ.ም ነው። ከዚያ ክልሎች በየራሳቸው አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ ጤና ተቋማት ገቢያቸውን እንዲጠቀሙ ፈቀዱ፣ ከክፍያ ነፃ የሆኑትንም ዘረዘሩ። ዝርዝሩ «ተጠቃሚዋ አትከፍልም» ይላል፤ ማን እንደሚከፍል ግን በአንድ ቦታ ተጠቃሎ አልተቀመጠም። መከላከያው በዓይነት ከላይ ይመጣል። የባለሙያው ደመወዝ ከወረዳው በጀት ይወጣል። በመካከል ጓንቱ፣ ማደንዘዣውና ጎዙ ባለቤት አጡ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ ለጤና ጣቢያው የአስተዳደር ቦርድ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይቀርባል፤ በዓመት ምን ያህል ማስገባትና ማውጣት እንደሚጠበቅ፣ ለእያንዳንዱ የሚያስፈልገው ግብዓት፣ በመጨረሻው የግዢ ዋጋ ተባዝቶ ድምሩ። ቦርዱ ወጪው ከውስጥ ገቢ ወይም ከመንግሥት በጀት የህክምና አቅርቦት ርዕስ እንዲሸፈን በቃለ ጉባኤ ይወስናል። ይህ ቃለ ጉባኤ ነው አንተን ከጉድለት የሚያድንህ፤ በቃል «ስጣት» የሚል የኃላፊ ትእዛዝ ኦዲተር ፊት ዋጋ የለውም።

ውሳኔው ሲኖር የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ በሞዴል 20 ይጠይቃል፣ አንተ በሞዴል 22 ታወጣለህ፣ በቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ካርድ) ላይም «ለነፃ አገልግሎት» ተብሎ ተለይቶ ይጻፋል። በወሩ መጨረሻ የወጣው ሁሉ በግዢ ዋጋው ይባዛና ፋይናንስ ያንኑ ያህል ገንዘብ ወደ ተዘዋዋሪ ፈንዱ ሒሳብ ያዛውራል። ለሽያጭ የሚጨመረውን ጭማሪ አትጨምሩ፣ ተቋሙ ከራሱ አያተርፍም። ፈንዱ በዚህ መንገድ ገዥ አገኘ እንጂ አልጎደለም።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ። አንዱ ጊዜ ነው፦ የውስጥ ገቢ እንኳ ቢሆን በወረዳ ፋይናንስ በኩል በጀት ሆኖ ካልታወጀ አይወጣም። ከሐምሌ 1 በፊት ዕቅዱ ውስጥ ካልገባ በዓመቱ መሃል የሚቀረው መንገድ ተጨማሪ በጀት ወይም የበጀት ዝውውር መጠየቅ ነው፣ ያ ደግሞ ወራት ይበላል። ሌላው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን (ማአጤመ) ክፍያ መዘግየት ነው። ከታካሚው አብዛኛው የመድን አባል በሆነበት ወረዳ የውስጥ ገቢያችሁ ማለት ከመድኑ የሚመለሰው ገንዘብ ነው፤ እሱ ሲዘገይ ጓንቱም ይዘገያል። በዚህ ተናዳችሁ የኢምፕላንቱን ጓንት ለመድኑ በምትልኩት የክፍያ ጥያቄ ውስጥ እንዳታስገቡት! ከክፍያ ነፃ የሆነ አገልግሎት በመድኑ ጥቅል ስለሌለ በማጣራት ጊዜ ይወድቃል፣ የሌላውንም ሰነድ ተአማኒነት ይዞ ይወድቃል።

ሚድዋይፍ 12

ለቦርዱ የሚቀርበው ስሌት በግምት እንዳይሆን የክፍሉን ቁጥር ልስጥ።

ለአንድ ኢምፕላኖን ኤንኤክስቲ ማስገባት 1 በመቶ ሊዶኬይን 2 ሚሊ ሊትር፣ አንድ 5 ሚሊ ሲሪንጅ ከነመርፌው፣ አንድ ጥንድ ስተራይል ጓንት፣ ወደ 5 ሚሊ ፖቪዶን አዮዲን፣ ሦስት አራት ጎዝ፣ ፕላስተርና ማሰሪያ ባንዴጅ ይበቃል። ለ100 ሴት ሲሰላ ጓንቱና ሲሪንጁ 110 ይያዝ፤ የሚቀደድ አለ፣ መሬት የሚወድቅ አለ። ሊዶኬይኑ በወረቀት 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሚሊ 10 ቫያል ነው፤ በተግባር 13 ያዙ። አንዴ የተከፈተ ቫያል ከ28 ቀን በላይ አይቆይም፣ ቀኑን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። በወር አራት ሴት ብቻ የምታስተናግድ ጤና ኬላ ባለ 50 ሚሊ ቫያል ከተሰጣት አብዛኛውን ትጥለዋለች። መጋዘን ውስጥ ያለው 2 በመቶ ከሆነም መጠኑ አንድ አይደለም፤ ግማሹን መድኃኒት በተመሳሳይ መጠን የመርፌ ውኃ አቅጥናችሁ ተጠቀሙ።

ለጃዴል ዘንጉ ሁለት ስለሆነ ማደንዘዣው እስከ 4 ሚሊ ይደርሳል፣ ትሮካርም (ዘንጉ የሚገባበት መሣሪያ) ይፈልጋል።

አሁን ሁሉም የሚዘነጋው፦ ማውጣት። በዕቅድ ላይ «ማስገባት 400» ተብሎ ይጻፋል፣ ለማውጣት የተመደበ አንድ ምላጭ እንኳ የለም። ኢምፕላኖን የሦስት ዓመት ነው፤ የዘንድሮው የማውጣት ሥራ ከሦስት ዓመት በፊት በተጻፈው መዝገብ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ከዚያ ቀድመው የወጡትን ቀንሱ፣ ጊዜው ሳይደርስ በደም መብዛት፣ በእርግዝና ፍላጎት ወይም ዝም ብሎ «ይውጣልኝ» ብለው የሚመጡትን ጨምሩ። ለማውጣት ከማስገቢያው ዕቃ በተጨማሪ 11 ቁጥር ምላጭ፣ አንድ ቀጥ ያለና አንድ ቆልመም ያለ ሞስኪቶ ፎርሴፕስ (ትንሽ መቆንጠጫ) ያስፈልጋል። ማደንዘዣው ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ብቻ፣ ከዘንጉ ጫፍ በታች ይወጋል። ከላይ ከተወጋ ሥጋው ያብጥና ዘንጉ ይሰወራል፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ፍለጋ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን ማስገባት የጀመሩት በ2001 ዓ.ም ነው። ብዙ ቦታ ግን ማውጣት የሚቻለው ጤና ጣቢያ ብቻ ነው። ስለዚህ አምስቱ ጤና ኬላዎች ያስገቡት ሁሉ ለመውጣት ወደ እናንተ ይመጣል፤ የጤና ጣቢያውን የማስገባት ቁጥር ብቻ ይዛችሁ የማውጣቱን ግብዓት ካሰላችሁ ትወድቃላችሁ። ደግሞ ይህ ከገንዘብም በላይ ነው፦ ሲገባ በነፃ ሆኖ ሲወጣ ዕቃ ግዢ የምትባል ሴት ሳትፈልግ ከዘዴው ጋር ትታሰራለች።

የእርግዝና ምርመራ ስትሪፕም ሰበብ ሲሆን ይታያል። «የወር አበባ ላይ ካልሆንሽ ላቦራቶሪ ሂጂ» ትባላለች፣ ላቦራቶሪው ያስከፍላታል። ስድስቱ ጥያቄዎች ያሉበት ማጣሪያ ስትሪፑን በአብዛኛው ይተካዋል። ከስድስት ወር በታች ሕፃን ያላት፣ ጡት ብቻ የምታጠባና የወር አበባዋ ያልተመለሰ፤ ከመጨረሻው የወር አበባ ወዲህ ግንኙነት ያላደረገች፤ ባለፉት 4 ሳምንታት የወለደች፤ የወር አበባዋ በጀመረ በ7 ቀን ውስጥ ያለች (ለሉፕ በ12 ቀን)፤ ባለፉት 7 ቀናት ውርጃ ያጋጠማት፤ ወይም አስተማማኝ መከላከያ በትክክል ሳታቋርጥ ስትጠቀም የቆየች። ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለችና የእርግዝና ምልክት ከሌላት በዚያው ቀን ይሰጣታል፤ ስትሪፕም ቀጠሮም አያስፈልግም። ስትሪፑ ለሁሉም «አይደለም» ላለችው ይቀመጥ።

ቆጣቢው

እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ሁሉንም በነፃ ስለምንሰጥ ነው ሁሌ የሚያልቅብን። ከተማ ቀመስ ቦታ ላይ የነጋዴ ሚስት፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የባንክ ሠራተኛ ትመጣለች። የጓንትና የማደንዘዣ ዋጋ ለእሷ ምንም አይደለም። ከአቅመኞቹ ትንሽ ትንሽ ሰብስቦ የድሆቹን መሸፈን ቦርድ ተለምኖ ከሚገኘው በጀት የተሻለ ዋስትና አለው። አሁን ደግሞ የውጭ ገንዘብ እየደረቀ ነው፣ መቼም ዝም ብሎ ነፃ ነፃ ማለት አያዋጣም።

የገቢ ሒሳብ

@ቆጣቢው፣ የውጭ ገንዘብ መድረቁ እውነት ነው፤ መፍትሔው ላይ ነው የማልስማማው።

የክልሉ ደንብ ነፃ ብሎ የዘረዘረውን ቦርድ ሊያስከፍልበት አይችልም፤ ክፍያው ደረሰኝ ቢኖረውም ባይኖረውም ችግር ነው። ሌላም አለ። አቅም የሚለየው ማን ነው? መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ በልብስና በጫማ ትለያለች፣ ልብሷን አሳምራ የመጣች ቀን ሠራተኛ ትከፍላለች፣ ነጠላዋ ያደፈ ባለጸጋ ገበሬ በነፃ ትሄዳለች። የሚሰበሰበው ገንዘብም ለማጣራቱ ከሚባክነው ሰዓት አይበልጥም።

ለሚችሉት በር የለም እንዳትል፦ ዲኬቲ ኢትዮጵያ በድጎማ ዋጋ የሚሸጣቸው መከላከያዎች በየግል ፋርማሲው አሉ፣ የግል ክሊኒክም ኢምፕላንት ያስገባል። ሰልፍ የማይፈልግና ገንዘብ ያለው ራሱ ወደዚያ ይሄዳል። በሩ ላይ ቆመን እኛ አንለየው።

የወጪውንም ልክ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2013 ባየርና ኤምኤስዲ ለድሃ አገሮች የኢምፕላንት ዋጋ ከ18 ዶላር ገደማ ወደ 8.50 ዶላር ሲያወርዱ ኢምፕላንትን በብዛት መግዛት ቀለለ። በተለመደው ስሌት አንድ ኢምፕላኖን 2.5 የጥንዶች ዓመት ጥበቃ (አንድ ጥንድን ለሁለት ዓመት ተኩል ከእርግዝና እንደሚጠብቅ) ተብሎ ይያዛል፣ ስለዚህ በዚያ ዋጋ የአንድ ዓመቱ ወጪ 3.40 ዶላር ነበር። ይህን ያህል ወጥቶበት ባሕር የተሻገረ ዕቃ በአንድ ጥንድ ጓንት እጦት መደርደሪያ ላይ ሲያረጅ ቁጠባ አይባልም።

ሎጅስቲክስ ከሐብ

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልመለስ፣ ማንም አልነካውምና።

ቅጹን በሰዓቱ መላክ ብቻውን አያድንም፤ ውስጡ ያለው ቁጥር ነው። ምሳሌ ልስጥህ። ዙሩ ሲጀመር 120 ቫያል ዲፖ (የሦስት ወር መርፌው) ነበረህ፣ መሃል ላይ 200 ደረሰህ፣ መጨረሻ ላይ 20 ቀረህ፣ ብክነት የለም። ፍጆታህ 120 ሲደመር 200 ሲቀነስ 20፣ ማለትም 300 ነው። ቅጹ ከፍተኛውን ክምችት የሚያገኘው የሁለት ወሩን ፍጆታ በሁለት አባዝቶ ስለሆነ 600 ይላል፣ በእጅህ ያለው 20 ተቀንሶ 580 ትጠይቃለህ። ንጹሕ ይመስላል። ግን የ200ው ጭነት ከመድረሱ በፊት መርፌው ለ15 ቀን አልነበረም እንበል። ያ 300 ቫያል የወጣው በ60 ቀን ሳይሆን በ45 ቀን ነው። ትክክለኛው ፍጆታ 300 ሲባዛ በ60 ሲካፈል ለ45፣ ማለትም 400 ነው። ከፍተኛው ክምችት 800፣ ጥያቄህ 780 መሆን ነበረበት። 200 ቫያል በወረቀት ላይ ጠፋ። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ የጠየቅከው ስላነሰ ቀድሞ ያልቃል፣ ፍጆታህም ይበልጥ ያነሰ መስሎ ይታያል፣ እንዲህ እያለ ራሱን ይበላል። ስለዚህ ዕቃው ያልነበረባቸውን ቀናት ከቢን ካርዱ ቆጥረህ መዝግብ፣ ፍጆታውን አስተካክል፣ ማስተካከልህንም በማስታወሻ ጻፍ። ካልጻፍከው ሐብ (የመድኃኒት አቅርቦት አገልግሎቱ ቅርንጫፍ) ላይ ያለው ሰው «ቁጥሩ ተጋነነ» ብሎ ይቆርጠዋል።

ጳጉሜ የገባበት ዙር 65 ወይም 66 ቀን መሆኑንም አትርሳ። ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ከ60 ቀን ጋር ስታወዳድረው ፍጆታው ያለ ምክንያት ያደገ ያስመስላል።

ሁለተኛው ምክንያት ጤና ኬላዎቹ ናቸው። የጤና ጣቢያ ክምችት ከፍተኛው የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ፍጆታ፣ የአስቸኳይ ጥያቄ ነጥቡ ሁለት ሳምንት ነው። ጤና ኬላ ደግሞ በየወሩ ሪፖርት አድርጋ ትሞላለች፤ ከፍተኛው 2 ወር፣ ዝቅተኛው 1 ወር፣ አስቸኳዩ አንድ ሳምንት። ከአምስቱ ሁለቱ ወርሃዊ ቅጻቸውን ካላመጡና በአንድ ጊዜ የአራት ወር ከወሰዱ ያንተ መጋዘን በአንድ ቀን ባዶ ይሆናል። ቅጹን ሳያመጣ ለሚመጣ «የአንድ ወር ብቻ» ብለህ ስጥ፤ ጨርሰህ አትከልክል፣ የሚቀጣው ሠራተኛዋ ሳትሆን መንደሩ ነው።

ሲሪንጁን አስመልክቶ፦ ዲፖ በአብዛኛው ከራሱ ሲሪንጅና ሴፍቲ ቦክስ ጋር ይመጣል፣ ተነጣጥሎ የሚደርስበትም ጊዜ አለ። በርክክብ ጊዜ ቫያሉንና ሲሪንጁን አንድ ለአንድ ቁጠር። ካነሰ ሞዴል 19 (የመረከቢያ ደረሰኙን) ከመፈረምህ በፊት አስታውቅ። «ከክትባት ክፍል እንበደር» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ የክትባቱ ሲሪንጅ 0.5 ሚሊ ነው፣ የዲፖ መጠን 1 ሚሊ። አይሆንም። ቫያሉን ቀጥ አድርገህ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ቦታ አስቀምጥ፣ ፍሪጅ አይግባ።

ለመሆኑ ለምን ዲፖ? ምክንያቱም አብዛኛዋ የምትጠቀመው እሱን ነው። በ2011 ዓ.ም በተደረገው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 41 በመቶው ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ 27 በመቶው መርፌ፣ 9 በመቶው ኢምፕላንት። በላይ ደረጃ ትንሽ ሲጎድል መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

ስለ ውጭ ገንዘቡ፣ የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ያገደው በጥምቀት ማግስት ጥር 12 ቀን 2017 ነበር። ዩኤስኤአይዲ ራሱ በሰኔ 24 ቀን 2017 ሥራውን አቆመ። የተቋረጠው መከላከያውን የሚገዛው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የአቅርቦት ሰንሰለቱን የሚደግፉ ባለሙያዎችና ሶፍትዌሩን የሚጠግኑም በዚያው ገንዘብ ይከፈሉ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሥነ ሕዝብ ፈንድና ጤና ሚኒስቴር በዘላቂ ልማት ግቦች ፈንድ የሚገዙት አሁንም አለ። ነገር ግን ከላይ ያለው ትራስ ሲሳሳ ከታች ያለ የተሳሳተ ቁጥር ቶሎ ይጎዳል። ድሮ በደግ ባለሙያ ስልክ ይታረም የነበረ ስህተት አሁን በቀጥታ ባዶ መደርደሪያ ይሆናል።

ጓንቱንና ሊዶኬይኑን መጀመሪያ ከመድኃኒት አቅርቦት አገልግሎቱ ጠይቁ። ከሌለ «የለም» የሚል ማረጋገጫ አስጽፋችሁ ነው ከግል በፕሮፎርማ የሚገዛው። ያለ ማረጋገጫው ግዢው ራሱ የኦዲት ግኝት ይሆናል።

የስቶር ቁልፍ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የቦርዱን ማስታወሻ በሚድዋይፏ ቁጥር እሠራዋለሁ። የተጠየቀው እስኪመጣ ግን ዛሬ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዲፖ ለአሥር ቀን እንኳ አይበቃም። በዚህ መሃል ለሚመጡት ምን ይደረግ? ከጎረቤት ጤና ጣቢያ መበደርስ ይቻላል?

ሚድዋይፍ 12

የቀጠሮ መዝገቡን አውጡና በመጪዎቹ አራት ሳምንታት ቀናቸው የሚደርሰውን በቅደም ተከተል ጻፉ። ዲፖ ቀኑ ካለፈ እስከ 4 ሳምንት ድረስ ሌላ ጥበቃ ሳያስፈልግ መውሰድ ይቻላል። ስለዚህ ያለው መርፌ መጀመሪያ ለዘገየችው ይሰጥ፤ ገና ሁለት ሳምንት ቀርቷት ለመጣችው በሌላ ጊዜ ቢሰጣትም፣ በዚህ ሰሞን ግን ቀኗን ጠብቃ እንድትመጣ ንገሯት። መጠኑን ለሁለት ማካፈል የሚባል ነገር የለም።

ሌላ ዘዴ ስታቀርቡ እዚያ የበዛው ኢምፕላንት ስለሆነ ብቻ አትግፏት። መርፌን የመረጠች ሴት ምክንያት አላት፤ አንዳንዷ ክንዷ ላይ እንዲታወቅባት አትፈልግም። ወደ ክኒን ለመሻገር ከፈለገች የደም ግፊቷን ለኩ፤ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ማይክሮጋይኖን (ኤስትሮጅን ያለበት ክኒን) አይሰጥም። ከስድስት ወር በታች ሕፃን የምታጠባም እሱን አትወስድም፣ ኤስትሮጅን የሌለበት ክኒን ካለ እሱን ስጧት። ክኒን ስትሰጡ የአንድ ወር ብቻ አትስጡ፣ ሦስት ፓኬት ይሁን፤ ለትራንስፖርት የምታወጣው ከጓንቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ምንም ያልፈለገችዋ ኮንዶም ይዛ ትሂድ፣ መርፌው ሲመጣ የሚደወልበትን ስልክ ግን አስቀድማችሁ ጠይቋት። የባሏን ስልክ አትመዝግቡ፣ ራሷ ካልሰጠች በቀር።

ሎጅስቲክስ ከሐብ

ለአሥር ቀን ካልበቃ ከሁለት ሳምንቱ ነጥብ በታች ነህ ማለት ነው፤ መደበኛውን ዙር አትጠብቅ፣ የአስቸኳይ ጥያቄ ዛሬውኑ ላክ። ከጎረቤት መውሰድም ይቻላል፣ ግን በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ይሁን። ሰጪው በሞዴል 22 ያወጣል፣ አንተ በሞዴል 19 ትቀበላለህ፣ የባች ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ቅጹ ላይ በማስተካከያ ዓምድ ይግባ፦ ላንተ በመደመር፣ ለእነሱ በመቀነስ። 50 ቫያል ሰጥተው ዓምዱን ባዶ ከተዉት እነዚያ 50ዎቹ የእነሱ ፍጆታ ሆነው ይቆጠራሉ፣ አንተም ካልመዘገብካቸው የተጠቀምክባቸው 50 ከየት እንደመጡ አይታወቅም፣ ፍጆታህም በ50 ያንሳል። ከዚያ በሚቀጥለው ዙር እነሱ ጋ ተርፎ አንተ ጋ ያልቃል።